ከአጣቢዎች በታች

«ከአጣቢዎቹ በታች ሕይወት የለም።»

ሽታሁን ይችን ቃል የተናገረው ቢቸና፣ አዳራሽ ውስጥ፣ ሰው ግጥም ብሎ በተቀመጠበት ነው። ሰባት ዓመቷ። ሰባቱንም ዓመት ይዣት ኖርኩ። አንሶላ ስጨምቅ አብሬ ጨመቅኋት፣ ሳሰጣ አብሬ አሰጣኋት፤ አልደርቅ አለች። ሰው «ይርጋነሽ ቂመኛ ናት» ይለኛል። ነኝ። ማን ማንን እንደበደለ ግን እስከ ባለፈው ኅዳር ድረስ እኔም በቅጡ አላውቅም ነበር።

ከመጀመሪያው ልናገር። አጣቢ ነኝ፤ ሳላለቀልቅ አላሰጣም።

ሥራዬ የሆቴል አንሶላ ማጠብ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ወንዙ ዳር አንድ ሰፊ ጥቁር ድንጋይ አለ። እኔና ጓደኛዬ ፍሬ፣ ሌሎች አምስት ሴቶችም፣ እዚያ ላይ እየደበደብን የስንቱን መንገደኛ እንቅልፍ አጥበናል። ትምህርቴን አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አንድ ጊዜ አግብቼ ፈትቻለሁ፤ ልጅ አልወለድኩም። ሽታሁን ሲመጣ ሠላሳ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ እሱ ደግሞ አርባ ሊሞላው አንድ የቀረው ሰው ነው።

የመጣው ከሞጣ ነው። እዚያ ባዮሎጂ ያስተምራል። አባቱ መርጌታ ወልደ ኪዳን ቅኔ ሲያስነግሩ የኖሩ፣ ስማቸው ቢቸና ድረስ የሚጠራ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግን ሁለተኛ ዲግሪውን በወንዝ ትል ሊሠራ መረብ፣ ነጭ ትሪ፣ ወረንጦና አንድ ካርቶን ሙሉ ብልቃጥ ይዞ ወንዛችን ውስጥ ገባ። ገባና በሦስተኛው እርምጃ በመቀመጫው ዘጭ አለ።

«መምህር፣ ገላዎን ሊታጠቡ ከሆነ ሳሙና እንስጥዎት?» አለችው ፍሬ።

«የለም፣ እያጠናሁ ነው» አላት፣ ውኃው ውስጥ እንደተቀመጠ።

ሴቱ ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔ ገብቼ እጄን ሰጠሁት። ሲነሳ በሌላ እጁ የጨበጠውን ድንጋይ አልለቀቀም። ገለበጠና አሳየኝ። ከድንጋዩ ሆድ ላይ ጠፍጣፋ፣ ቢጫ ነገር ልጥፍ ብላለች፤ ስድስት እግር፣ ከኋላዋ ቀጫጭን ጭራ።

«ጭራዋን ቁጠሪልኝ፤ መነጽሬ ረጥቧል።»

«ሁለት ነው።»

«ሦስት ቢሆን ሌላ ነበረች። ሁለት ከሆነ እሷ ናት። በመጻሕፍቱ የድንጋይ ዝንብ ይሏታል፤ በእኛ አፍ ግን ስም አላገኘሁላትም።»

በጣቴ ጫፍ ነካሁ ባደርጋት ጭራሽ ከድንጋዩ ጋር አንድ ሆነች። «ሙጥኝ አለች እኮ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«ምንም። ሙጥኝ አለች ነው ያልኩት።»

እርጥብ ደብተሩን አወጣና ጻፈ። «ስሟን አገኘን» አለኝ፤ «ሙጥኝ።» ያን ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ። ባል አግብቼ አራት ዓመት ስኖር አንድም ቀን እንደዚያ ታይቼ አላውቅም። የማደርገው ጠፍቶኝ የታጠበውን አንሶላ እንደገና ማጠብ ጀመርኩ።

*

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት፣ ሥራ ሳልጀምር፣ አብሬው ወንዝ እገባ ጀመር። ሙጥኝ ቀዝቃዛና የሚሮጥ ንጹሕ ውኃ እንደምትወድ ነገረኝ። ከድንጋይ ሥር ብዙ ወር ትኖራለች፤ ስታድግ ወደ ደረቅ ድንጋይ ትወጣለች፣ ቆዳዋን ከጀርባዋ ቀድዳ ጥላው ክንፍ ታወጣለች። ጥቂት ቀን በርራ፣ እንቁላሏን ለውኃው ሰጥታ፣ በቃ። በሌላው ዓለም በሺህ የሚቆጠር ዓይነት አላት፤ በእኛ ወንዞች የሚታወቀው ግን እጅግ ጥቂት ነው።

«ስለሌለች ነው ወይስ ፈላጊ ስላጣች? እሱን ነው የማጠናው» ይለኛል።

እኛ ሁለት ዓይነት ለየን። አንደኛዋ ቢጫ፣ ግንባሯ ላይ ጥቁር ነጥብ ያላት፤ ሁለተኛዋ ጠየም ያለች። «ውኃ ውስጥ ሁለት ይመስላሉ» አለኝ፤ «ክንፍ ሲያወጡ አራት ሆነው ሊገኙ ይችላሉ።»

«እንደ ሰው ናቸዋ! ከቤቱ እስኪወጣ ማን ያውቀዋል።»

ሁለት ነገር አጥብቆ አስተማረኝ። አንዱ፣ ድንጋይ ገልብጠሽ ስታበቂ እንደነበረ መልሺው፤ የሰው ቤት ነው። ሁለተኛው፣ ብልቃጥ ውስጥ የምትገባውን ወረቀት በእርሳስ ጻፊ፤ ቀለም አልኮል ውስጥ ይለቃል። ወረቀቷ ላይ ቦታ፣ ቀን፣ ብዛት፣ ሰብሳቢ ይጻፋል። ፊደሌ እንደ ሰካራም ግራና ቀኝ የሚያይ ነው። እሱ ግን አላረመኝም፤ «ሰብሳቢ፣ ይርጋነሽ» ብዬ የጻፍኩትን እንዳለ ብልቃጥ ውስጥ ከተተው። ስሜን ከመስታወት ጀርባ ሳየው የሌላ ሴት ስም መሰለኝ፤ የተከበረች ሴት።

አንድ ቀን የፕላስቲክ ቦቲ ጫማ አመጣልኝ። በልኬ ነው። መቼ ለካኝ? ጭቃ ላይ ያለ ዱካዬን በስንዝሩ ለክቶ ኖሯል። ይኸው እስከ ዛሬ ስናገረው ጆሮዬ ይግላል።

«ለፋሲካ ሽማግሌ እልካለሁ» አለኝ።

«አባትህ ምን ይላሉ? የመርጌታ ልጅ አጣቢ አገባ ሲባል?»

«አባቴ ሰምና ወርቅ መለየት ነው ያስተማሩኝ» አለ። ሳቅሁ። በዚያችው በሰምና ወርቅ እንደምቃጠል መች አውቄ።

*

ጥናቱን ሲጨርስ ለከተማው ሰው እንዲያስረዳ ተጠራ። እኛን አጣቢዎቹንም ጠሩን። ነጠላዬን አጥቤ፣ ቦቲዬን ወልውዬ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሽታሁን የወንዙን ሥዕል ግድግዳ ላይ አሳየ። ሦስት ቦታ ነው የቆጠረው፤ ከእኛ ድንጋይ በላይ፣ እኛው ዘንድ፣ ከእኛ በታች። በላይ በኩል ሙጥኝ ሞልታለች። እኛ ዘንድ ጥቂት። ከዚያ ዱላውን ወደ ታችኛው ውኃ አወረደና ያችን ቃል ተናገረ።

«ከአጣቢዎቹ በታች ሕይወት የለም።»

ከኋላ አንዱ ጮኸ፤ «የመርጌታ ልጅ አይደል! ሰሙ ውኃው ነው፤ ወርቁ እነሱው ናቸው!»

አዳራሹ ተናጋ። ከአጣቢ በታች ሰው የለም ማለት ነዋ። ከሁሉ የዘቀጡት እነሱ ናቸው ማለት ነዋ። ፍሬ ጎኔ ተቀምጣ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለች። እኔ አልጣልኩም፤ እሱን ነበር የማየው። ሰው ሲስቅ አይቶ እሱም ፈገግ አለ።

ያቺ ፈገግታ ናት የገደለችኝ።

በሳምንቱ ገበያ ውስጥ ቃሏ ዘፈን ሆነች። አተር የምትሸጥ ሴት እንኳ «ነይ እስቲ፣ ከእናንተ በታች ማን አለ?» አለችኝ። ሽታሁን ወንዝ ዳር ሲመጣ ቀና ብዬ አላየሁትም።

«ይርጌ፣ ምን ሆነሻል? ምን አጠፋሁ?»

«ሂድ፣ በላይ በኩል ሕይወት አለልህ።»

ግራ ገብቶት ቆመ። ማስረዳት እችል ነበር። እንቢ አልኩ። ቂመኛ ነኝ አላልኳችሁም?

ከዚያ ያደረግኩትን ለማንም ሳልናገር ሰባት ዓመት ኖርኩ። የዩኒቨርሲቲ መምህሮቹ ሥራውን ቦታው ድረስ መጥተው ሊያዩ ቀን ቀጠሩ። የዚያን ዕለት ጎህ ሲቀድ ሳፋዬን ተሸክሜ ወደ ላይኛው ውኃ ወጣሁ። ሙጥኝ ከድንጋይዋ እንደማትላቀቅ አውቃለሁ፤ እሱ ነው ያሳወቀኝ። ስለዚህ ከነድንጋያቸው አነሳኋቸው። አሥራ አንድ። ሳፋውን በአንሶላ ሸፍኜ ከእኛ በታች አወረድኩና አንድ በአንድ ውኃው ውስጥ ደረደርኳቸው። ያስተማረኝን እጅ ነው ያዞርኩበት።

ረፋድ ላይ ሦስት ሰዎች ይዞ መጣ። እኔ ድንጋዬ ላይ ቆሜ አንሶላ እጨምቃለሁ።

«እዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም አላገኘሁም» ሲላቸው ይሰማኛል። ጎንበስ ብሎ ድንጋይ ገለበጠ። ሌላ ገለበጠ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አሉት አንደኛው መምህሩ። «አቶ ሽታሁን፣ እዚህ መጥተህ ቆጥረሃል ወይስ ቤትህ ተቀምጠህ ነው የጻፍከው?»

ሽታሁን ድንጋዩን በአውራ ጣቱ አሸው። ከእኛ በታች ያለ ድንጋይ ሁሉ የሳሙና ልጋግ ለብሶ ያሙለጨልጫል። ያ ድንጋይ ግን ንጹሕ ነበር። ጣቱን አየ። ከዚያ ቀና ብሎ በውኃው ማዶ እኔን አየኝ።

ይጮኻል ብዬ ጠበቅኩ። «እሷ ናት!» ይላል ብዬ። መልሴን ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

«ተሳስቻለሁ» አላቸው። «ስህተቱ የእኔ ነው።»

ዲግሪው ቀረ። በዚያው ከሰዓት ወደ ሞጣ ሄደ፤ አልተሰናበተኝም። እኔም «ኮራ! ንቆኝ ሄደ» ብዬ እሷንም ቂሜ ላይ ጨመርኩ። ሌሊቱን ያላስተኛኝ ግን ቂም እንዳልነበር ዛሬ አውቃለሁ።

*

በሁለተኛው ሳምንት ሳሊሃ ከሽታሁን ደብዳቤ ይዛልኝ መጣች። ሳሊሃ ሳሙናና በረኪና የምትሸጥልን ባለሱቅ ናት፤ ቤተሰቦቿ ሞጣ ስላሉ በየአሥራ አምስት ቀኑ ትመላለሳለች።

«ላንብብልሽ?»

«የሚለውን አዳራሽ ውስጥ ሰምቼዋለሁ።»

«ወላሂ ይርጋነሽ፣ አንቺ ሴት በቅሎ ነሽ።»

ሳልከፍተው የሳሙና ካርቶን ሥር ከተትኩት።

አንድ ነገር ግን አደረግኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንዝ ውስጥ አላጠብኩም። ውኃውን በጀሪካን እየቀዳሁ፣ ከወንዙ ርቆ በሳፋ አጥቤ፣ እጣቢውን ደረቁ መሬት ላይ እደፋለሁ። «ወገቤን አሞኝ ነው፤ ማጎንበስ አልችልም» አልኩ።

«ሃያ ጀሪካን ውኃ የሚሸከም የታመመ ወገብ ዛሬ አየሁ» አለች ፍሬ። ግን ከወር በኋላ እሷም ሳፋዋን ይዛ መጥታ ጎኔ ተቀመጠች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉ። ዓመታት ሄዱ።

ባለፈው ኅዳር ነፋስ የትራስ ልብስ ነጥቆኝ ወደ ታች ይዞት ሄደ። ላነሳ ወረድኩ። አንድ ደረቅ ድንጋይ ላይ ልብሱ ተጠምጥሟል፤ ሳነሳው ከሥሩ ትንሽ ነገር ተለጥፋ አየሁ። ባዶ ቆዳ። ጀርባዋ ተቀድዷል። ጭራዋን ቆጠርኩ። ሁለት። ዓይኔን ጠርጌ እንደገና ቆጠርኩ። ውኃው ውስጥ ያለውን ድንጋይ ገለበጥኩ፤ ልጋግ የለውም። ከሆዱ ላይ አንዲት ሙጥኝ ልጥፍ ብላ አለች፤ ሕያው። ማንም አላመጣትም። ማንም በሳፋ አልተሸከማትም።

ድንጋዩን እንደነበረ መለስኩና ውኃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። «ሕይወት የለም» ያለው እውነቱን ነበር። ሕይወት የተመለሰው ሳሙናችን ከውኃው ሲወጣ ነው። ይህን ለማወቅ ሰባት ዓመት ፈጀብኝ።

ቤቴ ገብቼ ካርቶኑን ገለበጥኩ። ለሳሊሃ አልሰጠኋትም፤ ውርደቴን ሰው እንዲያነብልኝ አልፈለግኩም። ፊደል በፊደል እየቆጠርኩ ሁለት ቀን ፈጀሁበት።

«ይርጌ፣ በታች ያልኩት ውኃው የሚወርድበትን ነው። ወርቅ የለውም፤ ሰም ብቻ ነው። ሲስቁ ለምን እንደሳቁ አልገባኝም ነበር፤ እንደ ሞኝ አብሬ ፈገግ አልኩ። አባቴ ሲሰሙ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። ‹ቃል ሰው ፊት ከመውጣቱ በፊት ማን ላይ እንደሚወድቅ ይታያል› አሉኝ። ልክ ናቸው፤ አፍሬአለሁ። ድንጋዩ ንጹሕ ነበር፤ ዓይቼ ዐወቅኩ። ለመምህሮቼ ብናገር ማን እንደሆነች ይጠይቁኛል፤ ስምሽን ሁለተኛ ሰው ፊት አላስጥለውም። ሽማግሌዎቹ ተዘጋጅተዋል። በሳሊሃ በኩል ‹እሺ› በይኝ፤ አንድ ቃል ይበቃኛል። ዝም ካልሽ፣ በዳዩ እኔ ነኝና መጥቼ አላስቸግርሽም።»

ብቻዬን ነበርኩ። ቤቱ ውስጥ ድመት እንኳ አልነበረችም። ግን ነጠላዬን አንስቼ ፊቴን ሸፈንኩ።

እሺ። ሁለት ፊደል ናት። ሁለት ፊደል ከልክዬ ሰባት ዓመት ተበዳይ ነኝ እያልኩ ኖርኩ።

*

ከሳሊሃ ጋር ወደ ሞጣ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅ እስክንደርስ አልተነፈስኩም። ከዚያ አላስችል አለኝ።

«አግብቷል?»

«ሰባት ዓመት ያልጠየቅሺኝን አሁን መኪና ውስጥ?»

«ሳሊሃ፣ በአላህ።»

«በመጣሁ ቁጥር ሱቃችን በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር» አለችኝ፣ በመስኮቱ እያየች። «‹ላከች?› ይለኛል። ‹አልላከችም› እለዋለሁ። አመስግኖኝ ይሄዳል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ነበር። ከዚያ መጠየቁን ተወ። አግብቶ እንደሆነ ሄደሽ እይው፤ እኔ ወሬ አልሸጥም፣ ሳሙና ነው የምሸጠው።»

ከዚያ በኋላ የመንገዱ ኮረኮንች ሁሉ ለእኔ የተገባ ቅጣት መሰለኝ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንገባ እረፍት ነበር። መምህራን ዛፍ ሥር ቆመዋል፤ ሰባት ስምንት ይሆናሉ። ሳሊሃ በር ላይ ቀረች። ቦቲዬን አድርጌያለሁ፤ ተረከዙ ተቀዶ በጎማ የተለጠፈ ያው ቦቲ። ዓይኔን ከመሬት አላነሳሁም። ጫማ ብቻ ነው የማየው። አንዱ ጥንድ ጫማ ከሌሎቹ ተለየና ወደ እኔ መጣ።

«ይርጌ?»

«ደብዳቤህን አነበብኩት።»

«መቼ?»

«ከትናንት ወዲያ።»

«ከትናንት ወዲያ!»

«ምን ላድርግ፣ አራተኛ ክፍል ነኝ። ማንበብ ላይ ዘገምተኛ ነኝ።»

ከመምህራኑ አንዱ ሳቀ፤ የሚስቅ ሌላ ሰው ሲያጣ ተወው። ከጉያዬ ብልቃጡን አወጣሁ፤ እሱ ትቶልኝ የሄደው የድሮው ብልቃጥ ነው። ቆዳዋና ወረቀቷ አሉበት። ሲቀበለኝ ወደ ኪሱ ሊከተው እጁን አዞረ።

«ኋላ ለብቻዬ አነበዋለሁ።»

«አይሆንም። እዚሁ፣ ጮክ ብለህ አንብበው። የተዋረድከው ሰው ፊት ነው።»

«ይርጌ፣ ግድ የለም...»

«ግድ አለኝ እኔ!»

ክዳኑ ሲከፈት ሰማሁ። ወረቀቱ ሲንኮሻኮሽም።

«በእርሳስ ነው የጻፍሽው» አለ ቀስ ብሎ።

«ቀለም ይለቃል ብለኸኝ።»

ማንበብ ጀመረ። «ቦታ፣ ከአጣቢዎች በታች። ቀን፣ መምህሮቹ የመጡ ዕለት ጠዋት። ብዛት፣ አሥራ አንድ። ሰብሳቢ፣ ይርጋነሽ። ያስቀመጠች፣ ይርጋነሽ። ሽታሁን አልተሳ...» እንደገና ጀመረ። «አልተሳሳተም።»

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለ አንዱ።

ወደ ጫማዎቹ ዞርኩ። «ይህ ሰው ዲግሪው የቀረው ቆጠራ ስቶ አይደለም» አልኳቸው። «እኔ ነኝ ከላይ ተሸክሜ ታች ያስቀመጥኩበት፤ ተናድጄ። እሱ እኔ መሆኔን አውቆ ዝም አለ። እኔ ደግሞ አውቄ ዝም አልኩ፤ የእኔ ዝምታ ግን ዝምታ አይደለም፣ ሌብነት ነው። ዩኒቨርሲቲው ድረስ ሄደሽ ተናገሪ ካላችሁኝ እናገራለሁ። ፈርሚ ካላችሁኝ እፈርማለሁ፤ ስሜን መጻፍ እሱ ራሱ አለማምዶኛል።»

መሬት ቢከፈትልኝ ቦቲዬን ሳላወልቅ እገባ ነበር።

«አሥራ አንድ?» አለ ሽታሁን። «እኔ ያገኘሁት አሥር ነበር።»

«አንዷ ሙጥኝ ብላ ቀርታለቻ።»

በአፍንጫው ሳቀ። የሳቁን ድምፅ ረስቼው ኖሯል፤ እንባዬ የመጣው ያኔ ነው።

«ገልብጠው» አልኩት። «ጀርባው ላይም አለ።»

ወረቀቷን ገለበጠ። «ቦታ፣ ከአጣቢዎች በታች። ቀን፣ ኅዳር ሃያ ሦስት። የተገኘ፣ የሙጥኝ ቆዳ። ያስቀመጠ፣ የለም።» ቆመ። ከዚያ የመጨረሻዋን መስመር ለራሱ እንደሚናገር ሰው አነበባት።

«ራሷ መጣች።»

መምህራኑ የሰሙት ሰሙን ነው። የመርጌታ ልጅ ግን ወርቁን ሰማ፤ ጫማው አንድ እርምጃ ወደ እኔ ቀረበ።

«ይርጌ» አለኝ፤ «የእኔም ጥያቄ እኮ እዚያው ሙጥኝ እንዳለ ነው።»

ሰባት ዓመት ዘግይቼ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ፣ ዓይኔን ከጫማው ላይ አነሳሁ። ሸብቷል። መነጽሩ ዛሬም ረጥቧል።

«እሺ» አልኩት።